የእግር ማጠቢያው ጀሪካን

በላስታ ምድር ሚስቱን በግራ ክንዱ አንጠልጥሎ፣ በቀኝ እጁ በር ገንጥሎ ከመርዝ ጭስ ያወጣ ወንድ ቢኖር እኔ ነኝ። ምስኪን ባለቤቴ የማኅበሯን ጀሪካን ልትወስድ ገብታ ጭሱ ጣላት፤ እኔ አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ በራሴ ላይ ቸለስኩና እንደ ነብር ዘልዬ ገባሁ። ጭሱ እኔን ሲያይ ገለል አለ። ይህን ያልሰማ ሰው ላሊበላ ውስጥ የለም። ሙጃ ገበያ ላይ ሳይቀር አንድ በግ ሻጭ ለደንበኛው ሲያወራው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ወሬው እዚያ እስኪደርስ አድጎ ሁለት ሚስቶች አውጥቼ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ባለቤቴ ቆማ እኔ ከጎኗ ስቆም ፀሐይ አይነካኝም። እሷ ሰፊ ናት፣ ረጅም ናት፣ አጥንቷ ከዋርካ ግንድ የተጠረበ ነው። እኔ ከሲታ ነኝ። አንድ ጊዜ የሆቴላችንን ፍራሽ በደረጃ ላወጣ ስታገል ፍራሹ እኔን ይዞኝ ወርዷል። እሷን በግራ ክንዴ ማንጠልጠል ማለት ቤተ ጊዮርጊስን ከጉድጓዱ ነቅሎ ሜዳ ላይ እንደ ማቆም ነው። ወሬ የሚወድ ሰው ግን ሚዛን አይዝም፤ ማንም «እስኪ ቁመትህን ከቁመቷ አስተያየው» አላለኝም።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ሆቴል ነው። የኔ ሥራ ምን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ እኔም ጭምር። ጄኔሬተሩ ሲያኮርፍ አባብለዋለሁ፤ ቧንቧው ሲያለቅስ እንባውን እጠርግለታለሁ፤ የውሃ ታንከሩ ሲደርቅ እኔም አብሬው እደርቃለሁ። እሷ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ክፍሉ ከሆቴሉ ሥር ዳገቱ ተቦርቡሮ የተሠራ ነው። ያለችው አንዲት መስኮት የበር ቀዳዳ ታህላለች፤ እሷንም በብርዱ ወራት በአሮጌ ብርድ ልብስ እንወትፋታለን። የኛ አገር ሰው ድሮ አንድ ቋጥኝ ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ሲያወጣ እንኳ መስኮቱን አልረሳም። የሆቴላችን መሐንዲስ በሲሚንቶ ሠርቶ ረሳው።

ጦርነቱ እንግዳውን ካባረረ በኋላ ሆቴሉ ብዙ ጊዜ ባዶውን ተቀምጧል። አልጋዎቹን አይጥ ብቻ ነበር የሚያድርባቸው፤ እነሱም አልከፈሉም። ሰላም ብቅ ጥልቅ ማለት ሲጀምር ሆቴሉ ተጠራረገ፤ ከአዲስ አበባም በአይሱዙ ዕቃ መጣ። ከዕቃው ውስጥ ጀሪካኖች ነበሩበት። ነጮቹ ውስጥ ያለው በረኪና ነው፤ እኛ ከሱቅ እንደምንገዛው አይደለም፣ ክዳኑን ሲከፍቱት ዓይን የሚያስለቅስ ነው። ሰማያዊዎቹ ውስጥ ያለው ደግሞ የሽንት ቤቱንና የቧንቧውን የውሃ ድንጋይ የሚያሟሟ አሲድ ነው። ከጀሪካኖቹ ጋር አንድ ካርቶን ማስክ፣ መነጽርና ጓንት መጣ። ሥራ አስኪያጁ ካርቶኑን በዓይኑ ባርኮ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት።

«ማስኩን ለኛ አይደል እንዴ ያመጡት?» አልኩት።

«ለእናንተ ነው። ግን ከአሁኑ ካቆሸሻችሁት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን አሳያለሁ?»

እውነቱን ነው። የሠርግ ልብስ በዘወትር አይለበስም።

በሰማያዊዎቹ ጀሪካኖች ላይ በፈረንጅኛ የተጻፈ ብዙ ነገር ነበር። አንዱንም አናነበውም። ሥዕሉን ግን ሁላችንም አየነው፦ የራስ ቅል፣ ከሥሩ የተጠላለፉ ሁለት አጥንቶች። የበሩ ዘበኛ፣ ድቁና ተምረው ያቋረጡ ሽማግሌ፣ ዕቃውን ስናራግፍ ተጠግተው አዩትና ቆባቸውን አወለቁ።

«ይቺ እኮ የአባታችን የአዳም ራስ ናት» አሉ። «ከጌታ መስቀል ሥር የምትሣለው።»

ማን ይከራከራቸዋል? እኛ እኮ የአዳም መቃብርና ጎልጎታ በእግር መንገድ ላይ ያሉን ሰዎች ነን። ከልጅነታችን ጀምሮ የራስ ቅልና አጥንት ያየነው በስቅለት ሥዕል ግርጌ ነው፤ ደሙ ሲንጠባጠብበት፣ ሰው ሲድንበት። በዓለም ላይ ያ ሥዕል «ሽሽ» ማለት ነው አሉ። እኛ ዘንድ «ሳመኝ» ነው የሚለው። ባለቤቴ አንዱን ጀሪካን ስትሳለመው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ እንኳ፣ አሳሳሙን ባልከተልም፣ ከዚያ ቀን በኋላ በእግሬ ገፍቼው አላውቅም።

ገና ደረሰ። ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚ በየዳገቱ እንደ ጉንዳን ይወርዳል። የኛ የላሊበላ ሰዎች ወግ እንግዳውን ከመንገድ ተቀብሎ እግሩን ማጠብ ነው። አሥራ አምስት ቀን ድንጋይና እሾህ የረገጠ እግር ገበታ ውሃ ውስጥ ሲገባ ባለ እግሩ ብቻ አይደለም የሚተነፍሰው፤ አጣቢውም ይቀልለዋል። ባለቤቴ የሰፈሯ ሴቶች ማኅበር ሙሴ ናት፤ መሪያቸው። በዚያ ዕለት ሥራዋን እኩለ ቀን ላይ ጨርሳ፣ ሽርጧን ሰቅላ፣ ከሆቴሉ ግርጌ መንገድ ዳር ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋለች። እልልታዋ ላይ ድረስ ይሰማ ነበር። የሷ እልልታ ከተነሣ የሌሎቹ ሴቶች እልልታ የሚያጅብ እንጂ የሚበልጥ አይደለም፤ ከአሸተን ማርያም ገደል ጋር እየተነጋገረ ይመለሳል።

ችግሩ ውሃ ነበር። ውሃ ሲኖር ዕቃ የለም፤ ዕቃ ሲኖር ውሃ የለም። በዚያ ቀን ቦቴው ውሃ አመጣ፤ መቅጃ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ለሴቶቹ ጀሪካን እንደሚሰጣቸው ቃል ገብቶላቸው ኖሮ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ እነዚያን ጀሪካኖች ቶሎ አስለቅቅና ውሃ ሙላላቸው። ሕዝቡ ቆሟል፤ ያሳፍራል!»

«ውስጣቸው ያለውንስ ምን ላድርገው?»

«በርሜል አለ አይደል? እዚያ አንድ ላይ አድርገው። ሁሉም የሚያጸዳ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?»

እኔም ምንም ልዩነት አልታየኝም። እናቴ የተረፈ ጠላ ከተረፈ ጠላ ጋር ስታጋባ ነው ያደግኩት። ለዚያውም የሚፈስሰው የማንን ዕቃ ለማስለቀቅ ነው? የአዳም ራስ ያለበትን ዕቃ፤ ሥራውም የተሳላሚን እግር ማጠብ ነው። ከዚህ የተሻለ ጽድቅ ቢፈልጉ አይገኝም። ጀሪካኖቹ ወዳሉበት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ፤ በሩን በብርዱ ምክንያት በጀርባዬ ዘጋሁና ከሰማያዊዎቹ ጀመርኩ። ሁለቱን ገለበጥኩ። ከዚያ ነጩን አነሣሁ።

በርሜሉ እንደ ተቆጣ ድመት ፊሽ አለ። ከአፉ ቢጫ ነገር ወጣ። ጭስ እንኳ ለማለት ይከብዳል፤ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይሄ ግን የበርሜሉን ጎን ይዞ እንደ እባብ ወረደና መሬቱን ሞላው። ክዳኑ እግሬ ሥር ወድቆ ነበር፤ ልክደነው ጎንበስ አልኩ። ያ ነው ያበቃልኝ። ደረቴ ውስጥ አንድ ሰው የጋለ ሚስማር የበተነ መሰለኝ። ዓይኔ ጠፋ። በሩ በስተግራዬ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ግራዬ የት እንደነበር አላውቅም። ልጮህ አፌን ስከፍት የገባው ያው ነገር ነው። በጉልበቴ ሄድኩ፤ ከዚያ በሆዴ፤ ከዚያ መሄዱ ቀረ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማይ አየሁ። ግቢው ውስጥ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ። ከታች ተሳላሚው ይዘምራል። ባለቤቴ ከጎኔ በጉልበቷና በእጆቿ ተደፍታለች። ጀሪካኑ ሲዘገይባት ልትጠይቀኝ ወጥታ፣ ቢጫው ነገር በበሩ ሥር ሲሾልክ አይታ፣ ወደ ውስጥ ገብታ ነው ያወጣችኝ። በዚያን ሰዓት ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛው የደረሱት ሁለታችንም መሬት ላይ ከሆንን በኋላ ነው።

«አለህ?» አለችኝ።

«አለሁ መሰለኝ።»

ከዚያ ሳለች። ያ ሳል እስከ ዛሬ አላበቃም።

እኔ ከእሷ ያነሰ ጊዜ አልነበረም ውስጥ የቆየሁት። ግን እኔ ገና ሁለት ሦስት ጊዜ ስቤ ነው የወደቅኩት፤ ትንፋሼም ከወደቅኩ በኋላ እንደ ዶሮ ትንፋሽ ትንሽ ሆነ አሉ። እሷ ግን እየሠራች ነበር። ያን የሚያህል ደረት ሸክም ተሸክሞ እያለከለከ ነው የሳበው፤ ሙሉ ሙሉውን። ሐኪሙ፣ ማን ማንን እንዳወጣ ሳያውቅ፣ የሚለፋ ደረት ብዙ ይስባል ብሎ ሲያስረዳኝ አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ወደ ውጭ ወጣሁና ግድግዳውን በግንባሬ መታሁት።

ሆስፒታል ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ለሁለት ሰው ነበር የሚበቃው፤ የሚጠብቁት ደግሞ ከሁለት በላይ ነበሩ። ነርሷ ቱቦውን ከባለቤቴ አፍንጫ ነቅላ ለአንዲት አራስ ስትሰጥ፣ ከአራሷ ነቅላ ለባለቤቴ ስትመልስ፣ እኔ መሐል ቆሜ ለማን መጸለይ እንዳለብኝ ጠፋኝ። «ለኔ ስጪኝ» ብል አራሷ አለች። ዝም ብል የኔዋ ከንፈር እንደ በሰለ እንጆሪ ይጠቁራል። ወደ ወልድያ እንውሰዳት ስንል መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። መቼ ይከፈታል? የሚያውቅ የለም። የኛ መንገድ እንደ ሰማይ ነው፤ ሲከፈት አይቶ መሄድ እንጂ መቅጠር አይቻልም።

ወሬዬ የተወለደው እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ነው። ጠያቂዎች መጡ፤ «ምን ሆናችሁ?» አሉ። እሷ መናገር አልቻለችም። በዓይኗ ግን ወደ እኔ አየችና ራሷን ነቀነቀች፤ «እውነቱን እንዳትናገር» ማለቷ ነው። በኛ አገር ሴት ባሏን አወጣችው ከተባለ፣ ባልየው የወጣው ከጭስ ብቻ አይደለም፤ ከወንዶች ተራም ነው። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። «እኔ ነኝ ያወጣኋት!» አልኩ። «በግራ ክንዴ!» ባለቤቴ ኦክስጅኑ አፍንጫዋ ላይ እያለ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እንድትደግመው ብዬ በሩን ገነጠልኩ። ነብሩን አመጣሁ። የማኅበሩን ጀሪካን አመጣሁ። ዘበኛው «ልብስህ እኮ ርሶ ነበር» ሲሉኝ ደግሞ ውሃውን ቸለስኩት። እያንዳንዷን ጨው የጨመርኩት እሷ እንድትስቅ ነው። ጠያቂዎቹ ግን ጨዋታውን አልጋው አጠገብ ትተውት አልሄዱም።

ከሆስፒታል ወጣች፤ አልዳነችም። ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ድሮ ያን ዳገት እንስራ አዝላ እየዘፈነች ትወጣው የነበረች ሴት፣ አሁን በየአጥሩ ሥር ትቀመጣለች። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ዋሽንት የሚማር ሰው ያለ ይመስላል። የምትተኛው ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው። ለሰፈሩ ሠርግ ተጠርተን ሙሽራዋ ስትወጣ ሴቶቹ ሁሉ ወደሷ አዩ፤ እልልታውን እንድትጀምረው። አፏን ከፈተች፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። ሴቶቹ ቶሎ ብለው ራሳቸው ጀመሩት፤ እኔም ቶሎ ብዬ አንድ ቀልድ ተናገርኩ። ምን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ ማንም አልሳቀም።

ሐኪሙ፣ ሳንባዋ ጠባሳ ሳይዝ አዲስ አበባ የደረት ሐኪም ካላያት እዚህ የምንሰጣት በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ማስታገሻ ብቻ ነው አለን። በሥራ ላይ የተጎዳን ሠራተኛ ማሳከም ደግሞ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ጠይቁ አለን። ጠየቅን።

ሥራ አስኪያጁ ቡና አዘዘልኝ። ቡና ሲያዝልኝ ነገሩ እንደ ተበላሸ ገባኝ።

«ጋሼ፣ እኔስ ብችል በጀርባዬ ተሸክሜ አዲስ አበባ ባደረስኳት። ግን ሥራ ላይ አልነበረችም እኮ። ሥራዋን ጨርሳ ወጥታለች። ተመልሳ የገባችው ለማኅበሯ ጀሪካን ነው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አንተ!» አለ፤ ከልቡ ተገርሞ። «ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ያውም ጀግንነትህን!»

ሲኒውን አስቀመጥኩ። «እሱ እኮ ጨዋታ ነው፤ ያወጣችኝ እሷ ናት» አልኩት።

«አሁን ጉዳይ ሲመጣ ተለወጠ?» አለ። «ከአንተ ቃል የቱን ልመን?»

ለባለቤቴ ስነግራት እንዲህ አለች፣ በየአንድ ሁለት ቃሉ እያረፈች፦ «ተወው... አሁን... ብትናገር... እንዴት እንደነበር... ይጠይቁሃል። ሰው... ፊት... አትዋረድብኝ።» እንዴት እንደነበር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። «ይምርሐነ ክርስቶስ ውሰደኝ» አለች። «ጠበሉን ልጠመቅ።»

ሄድን። መኪናው ካወረደን በኋላ በጽዱ ጫካ መሐል ወደ ዋሻው የሚያወጣ ደረጃ አለ። ሽማግሌዎች በምርኩዝ ይወጡታል። እኛ አጋማሹ ላይ ቀረን። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ እየተነሣ ይወድቃል፤ ላቧ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ነጠላዋን ከአንገቷ አላላሁላት። ማራገብ ጀመርኩ፤ አየር ሞልቶ በተረፈበት ጫካ ውስጥ አየር አራግብላት ነበር። ያን ጊዜ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀልደው ያጣሁት።

ከላይ አንዲት ገበሬ ሴት ጠበል ቀድታ አዝላ ትወርዳለች። ያዘለችውን ዕቃ ሳይ ቆሜ ቀረሁ። ሰማያዊ ጀሪካን ነው። የራስ ቅሉ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይስቅብኛል።

«እታለም! ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከገበያ ነዋ። ደኅና ዕቃ ነው፣ አያፈስም።»

«ማን ይጠጣዋል?»

«ልጆቼ። ታመውብኝ ነው።»

«ድፊው! መርዝ የነበረበት ነው!»

ሴትዮዋ ጀሪካኑን ወደ ጎኗ አዙራ አቀፈችው። «ዓይንህ አያይም እንዴ? የአዳም ራስ ያለበትን? በአመድ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ጠበል ድፊ የሚለኝ ምን ዓይነት ሰይጣን ነው!»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በማርያም በገብርኤል አልኳት። ጭራሽ ልትሮጥ ነው። ይሄኔ ባለቤቴ ከድንጋዩ ላይ እጇን ዘረጋች።

«እኅቴ» አለች። «እኔን... እዪኝ።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ትንፋሹም አልነበራት። ሴትዮዋ ቆማ አየቻት። የደረቷን መነሣትና መውደቅ አየች፤ ፉጨቱን ሰማች። ከዚያ የማዘያውን ገመድ ፈታች፤ ሰው ከማይረግጠው አንድ የጽድ ግንድ ሥር ሄዳ፣ «አባቴ ይቅር በለኝ» እያለች ጠበሉን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ባዶውን ጀሪካን ለኔ ሰጠችኝና እያለቀሰች ወረደች። እኔ አገር የሚያህል ወሬ አውርቼ ያላሳመንኩትን ሰው፣ ሚስቴ ሁለት ቃል ተናግራ አሳመነችው። ጠበሉን ሳንጠመቅ ተመለስን።

እንደተመለስን፣ ማን ማንን እንዳወጣ ሳልጠቅስ፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከትኩ፤ ቢሮውም ከወራት በኋላ ተቆጣጣሪ ላከ። ወጣት ሴት ናት፤ አቧራ የጠጣ ጫማ አድርጋ፣ ከመኪና ወርዳ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ሥራ የጀመረች። በዚያን ዕለት የሆቴላችንን ሠራተኛ ብታዩ! አትክልተኛው ማስክ አድርጓል። እንግዳ ተቀባይዋ መነጽር አድርጋለች። ሻይ ቀጂው በጓንት ሻይ ይቀዳል። ተቆጣጣሪዋ አንዱን ማስክ ከአንዱ ፊት አወለቀች፣ ከውስጡ የፋብሪካውን ላስቲክ መዝዛ አወጣች፣ ለሥራ አስኪያጁ አሳየችው። ያኔ ወደድኳት።

ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። እሷ ነገሩን እንዲህ ብላ አስረዳችን፦ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ እንኳ ቢሆን፣ ማንም ሳያዘው፣ የሥራ ቦታውንና እዚያ ያለውን ሠራተኛ ከአደጋ ለማዳን ሲል ከተጎዳ በሥራ ላይ እንደ ተጎዳ ይቆጠራል፤ አሠሪው ያሳክማል። ለግል ጉዳዩ ገብቶ ከሆነ ግን ሌላ ነው። «ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለች። «ማን ማንን ለማውጣት ገባ?»

«ራሱ ያወራውን ነው የምናገረው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እሷ ጀሪካን ልትወስድ ገባች፤ እሱ ውሃ በራሱ ላይ አፍስሶ አወጣት። ዘበኛችን ርሶ አይተውታል። አይደለም አባቴ?»

ዘበኛው ቆባቸውን እያዞሩ ተነሡ። «እኔ እንግዲህ እግዚአብሔር አለብኝ። ማን ማንን እንዳወጣ አላየሁም። መሬት ላይ ሆነው ነው የደረስኩ። ርሶ ግን ነበር። ሱሪው ይንጠባጠባል።»

«ሸሚዛቸውስ?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«ምን አሉኝ?»

«ውሃ በራሳቸው ላይ ካፈሰሱ ሸሚዛቸውም ይርሳል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አሰቡ። «ሸሚዙማ» አሉ፤ «ደረቅ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በማስኩ ውስጥ ሲያፍነው ተሰማኝ። ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ግን ባለቤቴ ላይ አረፈ።

«እናቴ፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ባለቤቴ ጠረጴዛውን ይዛ ተነሣች። የሆቴሉን ዳገት የወጣችው እኔ ደግፌያት፣ በየአጥሩ ሥር አስቀምጬያት ነው። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። እንግዲህ ሕይወቷ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው ያለው፤ እሷም ታውቃለች።

«ውሃ... ነው» አለች። «እሱ... ነው... ያወጣኝ። ተዪው... ልጄ።»

ያቺን የቀረቻትን ትንሽ ትንፋሽ ለኔ ሱሪ አወጣቻት።

ተነሣሁ። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ አሉ። ነብሩን የሰሙ ሁሉ አሉ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ገና ካሁኑ ለመሳቅ የተዘጋጁ ፊቶች አየሁ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «ለኔ ብላ ነው የምትዋሸው። ጀሪካኑን ያስለቀቅኩት ታዝዤ ነው፤ ሥራ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የወደቅኩትም እኔ። እሷ ከመንገድ መጥታ እኔን ልታወጣ ገባች። አንሶላ ስባ እንደ ሕፃን ጀርባዋ ላይ አዘለችኝና ወጣች። ውሃ የሚባል ነገር አላፈሰስኩም። ሱሪዬ የረጠበው ሸንቼ ነው።»